ከሥራ መልስ ወደ ውድድር፦ የመጀመሪያውን የምሽት የብስክሌት ውድድር ለሚገቡ

በአሜሪካ በርካታ ከተሞች ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ፣ በሳምንት አንድ የሥራ ቀን ማምሻውን አማተር ብስክሌተኞች ተሰብስበው ይወዳደራሉ። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለው ግሪንቤልት ፓርክ ረቡዕ፣ ሲያትል ሱዋርድ ፓርክ ውስጥ ሐሙስ፣ ፖርትላንድ የመኪና እሽቅድምድም ትራክ ላይ ማክሰኞ፣ ኦስቲን ደግሞ ሐሙስ ምሽት የሚደረጉት ውድድሮች ለዓመታት የቆዩ ናቸው። አብዛኞቹ "ክሪት" የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ አጭር ዙር ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ፣ ደጋግሞ እየዞሩ መወዳደር ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር መንዳት የለመደ ሰው ይህን ውድድር ሲያይ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ? ብስክሌቴ ይበቃል? ብወድቅስ? ሥራ ውዬ፣ ያውም በጾም ቀን፣ እችለዋለሁ? ይህ መመሪያ ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል ይመልሳል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይያዙ። በጀማሪዎች ምድብ ውድድሩን በሰላም የሚጨርሰው ቀጥሎ የሚያደርገውን ከኋላው ያለው ሰው አስቀድሞ የሚያውቅለት ነጂ ነው። ድንገት የማይታጠፍ፣ ድንገት ፍሬን የማይዝ፣ የያዘውን መስመር የማይለቅ ሰው ራሱንም ሌላውንም ያድናል፤ ጉልበቱም ለመጨረሻው ዙር ይተርፈዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወቅት ግብዎ ሌሎች የሚያምኑት ነጂ መሆን ይሁን። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ወደዚያ የሚያደርሱ ናቸው። የተጠቀሱት ሰዓቶች በሙሉ በሐበሻ አቆጣጠር ናቸው።

1. ውድድሩንና ምድብዎን ይምረጡ

አብዛኛው ውድድር የሚካሄደው ዩኤስኤ ሳይክሊንግ በተባለው ብሔራዊ ማኅበር ፈቃድ ነው። በኦሪገን ደግሞ "ኦብራ" የሚባለው የአካባቢው ማኅበር የራሱን ፈቃድ ይሰጣል። በዩኤስኤ ሳይክሊንግ አሠራር ጀማሪው የሚገባበት ምድብ "ኖቪስ" ይባላል፤ ከዚያ 4፣ 3፣ 2 እያለ እስከ 1 ይወጣል። የኖቪስ ውድድር በሥራ ቀን ምሽት አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው። አጭር ይመስላል፤ ፍጥነቱ ግን ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ስለሚደርስ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው።

ለሙከራ ከሆነ የዓመት ፈቃድ መግዛት አያስፈልግዎትም። ለጀማሪ የአንድ ቀን ፈቃድ ከመመዝገቢያው ጋር አብሮ ይሸጣል። ምዝገባው ባብዛኛው "ባይክሬግ" በተባለው ድረ ገጽ ላይ ነው። ቀድመው ቢመዘገቡ ይሻላል፤ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ወረፋ ይቀርልዎታል፣ ቦታም አይሞላብዎትም። ሴቶች በብዙ ቦታ የራሳቸው ምድብ አላቸው፤ በሌለበት ከወንዶቹ ጀማሪ ምድብ ጋር ይገቡ እንደሆነ አዘጋጁን ይጠይቁ።

የተለመደው ስሕተት ከጓደኛ ላለመለየት ብሎ ከፍ ያለ ምድብ ውስጥ መግባት ነው። ከአቅም በላይ የሆነ ውድድር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ከግሩፑ ቆርጦ ያስቀርዎታል፤ የቀረውን ጊዜ ብቻዎን ስለሚነዱ ሊማሩት የመጡትን ነገር አይማሩም።

2. አንድ ምሽት ለመመልከት ብቻ ይሂዱ

ከመወዳደርዎ በፊት ባለው ሳምንት ሄደው ይመልከቱ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚሰጠው ትምህርት ግን ብዙ ነው። መጀመሪያ በጣም ጠባቡ ኩርባ ላይ ይቁሙና ሰዎች ከየት ገብተው በየት እንደሚወጡ፣ የት ላይ ፍሬን እንደሚነኩ ያስተውሉ። ቀጥለው መጨረሻው መስመር ጋ ይሂዱ። ከመጨረሻው ኩርባ እስከ መስመሩ ያለውን ርቀት፣ መንገዱ ዳገት መሆን አለመሆኑን፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ይዩ። በመጨረሻም የጀማሪዎቹን ውድድር ሙሉውን ይከታተሉ፤ ከግሩፑ የሚቆረጡት መቼና የት እንደሆነ ያያሉ።

ወደ ቦታው የሚወስደውን ጊዜም በዚያው ይለኩ። ከቨርጂኒያ ወደ ግሪንቤልት የሚሄድ ሰው ዋሽንግተንን የሚዞረው ቀለበት መንገድ 11 ሰዓት ላይ ምን ያህል እንደሚጨናነቅ ካላወቀ፣ ውድድሩ ሲጀመር ገና መኪናው ውስጥ ይሆናል። አዘጋጆቹንም "ለጀማሪዎች ትምህርት የምትሰጡበት ቀን አለ?" ብለው ይጠይቁ። ብዙ ቦታ በወቅቱ መክፈቻ ላይ ልምድ ያላቸው ተወዳዳሪዎች ለአዲሶች ያስተምራሉ። ይህ ዕድል ካለ አያምልጥዎት።

3. ብስክሌቱንና ልብሱን ያዘጋጁ

የሚያስፈልገው መሪው ወደ ታች የታጠፈ የመንገድ ብስክሌት ነው። ውድ መሆን የለበትም። እንዲያውም ለመጀመሪያው ወቅት የአሉሚኒየም ብስክሌት ይመረጣል፤ ቢወድቅ የሚያስከፍለው ያንሳል። ክርን የሚያሳርፍ ተቀጥላ መሪ በጅምላ በሚጀመር ውድድር አይፈቀድም፤ ካለ ይንቀሉት። ከዚያ እነዚህን አንድ በአንድ ይመልከቱ።

ጎማ፦ ላዩን በጣትዎ እየዳሰሱ ያዙሩት። የተሰነጠቀ ወይም ብርጭቆ የተሰካበት ጎማ ይቀየር። የአየሩ መጠን ለ25 ሚሊ ሜትር ጎማና 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ80 እስከ 90 ፒኤስአይ ይበቃል፤ 28 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ65 እስከ 80። ዝናብ ካለ ትንሽ ይቀንሱ። ጎማውን እስከ መጨረሻው መንፋት ፍጥነት የሚጨምር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ ግን ሻካራ መንገድ ላይ ይዘላል፣ ኩርባ ላይም ይንሸራተታል።

ፍሬን፦ መያዣውን ሲጨብጡት መሪው ድረስ የሚደርስ ከሆነ ያስጠብቁት። የፍሬኑ ጎማ ወይም ሸራ አልቆ እንደሆነ ይመልከቱ።

ቸርኬ፦ ሁለቱም ቸርኬዎች በደንብ መታሰራቸውን ያረጋግጡ። ከመኪና ሲያወርዱ አላልተው የረሱት ማሰሪያ ለከባድ አደጋ ይዳርጋል።

የመሪው ጫፎች፦ ሁለቱም መክደኛ ሊኖራቸው ይገባል። ክፍት ቱቦ ሰው ላይ ሲወድቅ ሥጋ ይቆርጣል፤ ዳኛም ያለ መክደኛ አያሳልፍዎትም።

ሰንሰለት፦ ጠርገው ዘይት ይቀቡትና ሁሉንም ማርሽ እየቀያየሩ ይሞክሩ። ማርሹ የሚዘል ከሆነ ከውድድሩ በፊት ባሉት ቀናት ያስተካክሉት። በውድድሩ ዕለት አዲስ ነገር አይሞክሩ።

መብራት፣ ቦርሳ፣ መስታወትና ፓምፕ ይወልቁ፤ አንድ የውሃ ኮዳ ይበቃል። ሄልሜት ግዴታ ነው፤ ውስጡ የአሜሪካን የደኅንነት ደረጃ ማሟላቱን የሚገልጽ "ሲፒኤስሲ" የሚል ምልክት ይፈልጉ። አንድ ጊዜ የተጋጨ ሄልሜት ከውጭ ደኅና ቢመስልም ይጣል። ጓንት ይልበሱ፤ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚሰነዝረው መዳፉን ነው። መነጽርዎ ነጭ መስታወት ያለው ይሁን፤ ምሽት ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ዛፍ ሥር ያለው መንገድ በጥቁር መስታወት አይታይም። በሁለቱም ጆሮ ወይም በአንዱ የሚደረግ ማዳመጫ ክልክል ነው።

4. በግሩፕ ውስጥ መንዳትን አስቀድመው ይለማመዱ

ከደረጃዎቹ ሁሉ ረጅሙን ጊዜ ለዚህኛው ይስጡት። ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከሌሎች ጋር ተጠግተው ይንዱ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሜዳ መንገድ ላይ ሲነዱ ከጉልበትዎ አብዛኛውን የሚበላው አየሩን መግፋት ነው። ከሰው ጀርባ የተጠለለ ነጂ ግን ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነውን ጉልበቱን ያተርፋል። መጠጋት የማይችል ሰው የቱንም ያህል ቢበረታ ሙሉውን ውድድር ብቻውን ከነፋስ ጋር ሲታገል ያመሻል።

ከሚያምኑት ሰው ጋር በዝግታ ይጀምሩ። መጀመሪያ የአንድ ብስክሌት ርቀት ይጠብቁ፤ ሲለምዱ ወደ አንድ ሜትር፣ ከዚያም ወደ ግማሽ ሜትር ይጠጉ። ዓይንዎን ከፊትዎ ባለው ጎማ ላይ አይትከሉ። በነጂው ትከሻ ወይም ወገብ ጎን አልፈው ሦስት አራት ሰው ወደ ፊት ይመልከቱ። ጎማውን ብቻ የሚያይ ሰው ፍሬን የሚይዘው ሁሉም ከያዘ በኋላ ነው።

የፊት ጎማዎ ከሌላው የኋላ ጎማ ጋር ጎን ለጎን እንዳይደራረብ ይጠንቀቁ። በግሩፕ ውስጥ ከሚደርሱ ውድቀቶች ብዙዎቹ የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነው። ፊት ያለው ሰው ትንሽ ወደ ጎን ቢል የእሱ የኋላ ጎማ የእርስዎን የፊት ጎማ ይመታል። እሱ ብዙም ሳይሰማው ይሄዳል፤ የእርስዎ መሪ ግን ስለሚቆለፍ የሚወድቁት እርስዎ ነዎት። ከተደራረቡ ፔዳል መምታቱን ለአፍታ ያቁሙና ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይውጡ።

ከኮርቻ ተነሥቶ መንዳትም ልምምድ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ሲነሣ ፔዳል መርገጡን ለቅጽበት ስለሚያቋርጥ ብስክሌቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከኋላ ያለው ሰውም ይጋጨዋል። ሊነሡ ሲሉ አንድ ማርሽ ያክብዱና እግርዎ ወደ ታች ሲረግጥ በዚያው ይነሡ።

ውሃ መጠጣትንም ይለማመዱ። አንድ እጅ መሪው መሃል አካባቢ ሆኖ፣ ሌላው ኮዳውን አውጥቶ ሲመልስ ብስክሌቱ ከመስመሩ ሳይናጋ መሄድ አለበት። መኪና በሌለበት ሜዳ ላይ የተሰመረ ነጭ መስመር እየተከተሉ ይሞክሩት። ከዚያ ሣር ላይ ከጓደኛዎ ጋር ጎን ለጎን በዝግታ እየሄዱ ትከሻ ለትከሻ ይነካኩ። ሰው ሲነካው የማይደነግጥ ነጂ መሪውን አያወዛውዝም፤ በውድድር መሃል መነካካት ደግሞ የማይቀር ነው።

የሚጮሁትንም ቃላት ይወቁ። "ኢንሳይድ" ሲባል በኩርባው ውስጠኛ በኩል ሰው አለ፤ "አውትሳይድ" ሲባል በውጭ በኩል። ሁለቱም የሚነግሩዎት አንድ ነገር ነው፦ ያሉበትን መስመር ይዘው ይቀጥሉ። ዞር ብለው አያዩ፤ ዓይን የሄደበት መሪው ይከተላልና።

5. ሳምንቱን በልክ ይከፋፍሉ

ክሪት ወጥ ፍጥነት የለውም። ከእያንዳንዱ ኩርባ በኋላ ለጥቂት ሰከንድ መፈትለክ፣ ከዚያ ትንሽ ማረፍ፣ እንደገና መፈትለክ ነው። ስለዚህ ረጅም ርቀት ብቻ የለመደ ሰው ይቸገራል። በሳምንት አንድ ቀን ይህን ይሥሩ፦ በደንብ ካሟሟቁ በኋላ 30 ሰከንድ በጣም ጠንክሮ፣ 30 ሰከንድ በቀስታ፤ ይህን ከ8 እስከ 10 ጊዜ ደጋግመው 5 ደቂቃ ይረፉና አንድ ጊዜ ደግመው ይሥሩት። ሌላ ቀን ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት በተመጠነ ፍጥነት ይንዱ። የውድድሩ ወቅት ሲጀመር የ30 ሰከንዱን ልምምድ ይተዉት፤ ውድድሩ ራሱ ይተካዋል።

ከውድድሩ በፊት ያለው ቀን ዕረፍት ወይም ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቀላል መንዳት ይሁን። ዋዜማው ላይ ጉልበቱን የሚፈትን ሰው ሜዳው ላይ ደክሞ ይገኛል። የሌሊት ፈረቃ ሠርተው ያላንቀላፉ ከሆነ የዚያን ሳምንት ይቅርብዎ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ፍሬን ለመያዝ ይዘገያል፤ የሚጎዳውም ራሱን ብቻ አይደለም። ተከታታይ ውድድር ጥሩነቱ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና መኖሩ ነው።

6. የዕለቱን ምግብና ውሃ ያቅዱ

ውድድሩ 12 ሰዓት ላይ ከሆነ የመጨረሻውን ሙሉ ምግብ ከ9 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጨርሱ። ጡንቻ ለዚህ ዓይነት ጥረት የሚያነደው በዋናነት የእህልና የስኳር ጉልበት ነው። ሩዝ፣ ድንች፣ ዳቦ በማርማላታ፣ ሙዝ፣ ቴምር ይስማማሉ። በርበሬና ዘይት የበዛበት ወጥ፣ ብዙ ሽሮ፣ ጥሬ አትክልትና ሥጋ ከሆድ ቶሎ ስለማይወጡ ጎንበስ ብለው ሲነዱ ያቃጥላሉ፣ ያስገሳሉም። ምሳዎ እንጀራ ከሆነ 6 ሰዓት ላይ ይብሉትና 9 ሰዓት ላይ ቀለል ያለ ነገር ይጨምሩ።

ረቡዕን የሚጾሙ ሰዎች ይህ ደረጃ በቀጥታ ይመለከታቸዋል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ፣ 12 ሰዓት ላይ ለሚጀመር ውድድር ሦስት ሰዓት ይቀርዎታል፤ ይህም በቂ ነው። ጾሙን በቀጭን የአጃ አጥሚት ወይም በስኳር በተበጠበጠ በሶ ይፍቱ፣ ዳቦና ሙዝ ያስከትሉ። ከባዱን የጾም በያይነቱ ለማታ ያቆዩት። ማክሰኞ ራት ላይ ሩዝ ወይም ፓስታ በደንብ መብላት ረቡዕ ላይ ዋጋ አለው። ከ9 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ሊትር ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጡ። ሙሉ ቀን ያለ ውሃ ከሚጾሙባቸው ቀናት በአንዱ ከሆነ ግን አይወዳደሩ፤ በሙቀት ውስጥ ጠንክሮ መንዳትና የውሃ ጥም አብረው አይሄዱም።

ለ30 ደቂቃ ውድድር መሃል ላይ መብላት አያስፈልግም። ከመጀመሩ 15 ደቂቃ በፊት ግማሽ ሙዝ ወይም ሁለት ቴምር ይበቃል።

7. ሜዳው ላይ ሲደርሱ

ከአንድ ሰዓት በፊት ይድረሱ። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መታወቂያና ፈቃድ ማሳየት፣ ኃላፊነት የመውሰጃውን ቅጽ መፈረም፣ ቁጥር መቀበል፣ ቁጥሩን መለጠፍ፣ ማሟሟቅ። ቁጥሩ በየትኛው ጎን እንደሚለጠፍ ይጠይቁ፤ የዳኞቹ ካሜራ በአንድ በኩል ስለሚቆም በሌላው ጎን የለጠፈ ሰው ውጤቱ ላይመዘገብለት ይችላል። በመርፌ ቁልፍ አራቱንም ማዕዘንና መሃሉን ይያዙት፤ በነፋስ የሚርገበገብ ቁጥር አይነበብም።

ለ20 ደቂቃ ያሟሙቁ። መጨረሻ ላይ ለአንድ አንድ ደቂቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠንክረው ይንዱ፤ ላብ ሳይወጣው የሚጀምር ሰው በመጀመሪያው ዙር ትንፋሽ ያጥረዋል። በውድድሮች መካከል ዙሩን መንዳት የሚፈቀድ ከሆነ ሁለት ጊዜ ይዙሩት። ጉድጓድ፣ አሸዋ፣ የፍሳሽ መክደኛ ብረትና እርጥብ ቅጠል ያሉበትን በዓይንዎ ይያዙ።

ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ዳኛው ሲናገር ፊት ላይ ሆነው ያዳምጡ። ስንት ዙር ወይም ስንት ደቂቃ ነው? የመንገዱን መሃል መስመር ማለፍ ይከለከላል? የተቆረጠ ሰው ይወጣል ወይስ ይቀጥላል? ጎማ ለተነፈሰበት ወይም ለወደቀ ሰው ነፃ ዙር ይሰጣል? ነፃ ዙር ካለ፣ ችግር የደረሰበት ሰው ወደ ጥገናው ቦታ ሄዶ ዳኛው ሲፈቅድለት በሚቀጥለው ዙር ከነበረበት ግሩፕ ጋር ይቀላቀላል። በመጨረሻዎቹ 8 ኪሎ ሜትሮች ግን አይሰጥም። በሥራ ቀን ውድድር ከናካቴው የማይሰጥበትም ቦታ አለ።

8. ከመጀመሪያው ዙር እስከ መካከለኞቹ

ሲጀመር መካከለኛ ማርሽ ላይ ይሁኑ። ጫማዎ ፔዳሉ ላይ ባይቆለፍ ወደ ታች አያዩ፤ ቀጥ ብለው እየረገጡ በእግርዎ ይፈልጉት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዙሮች ፈጣን ናቸው፤ ሁሉም ትኩስ ስለሆነ ዙሩ ይከራል። አይደንግጡ። ይህ ብዙ ጊዜ አይቆይም።

ቦታዎ ከግሩፑ የፊተኛው ሲሶ ይሁን። ኋላ መቀመጥ የሚያሳርፍ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ኩርባ ላይ ፊት ያለው ሰው ፍሬን በትንሹ ሲነካ ቀጣዩ ትንሽ የበለጠ ይይዛል፣ መጨረሻ ላይ ያለው ሊቆም ይደርሳል። ፊተኛው ኩርባውን ወጥቶ ሲፈጥን ኋለኛው ገና እየገባ ስለሆነ፣ ክፍተቱን ለመዝጋት በየዙሩ መፈትለክ ይኖርበታል። ብዙ ጀማሪዎች የሚቆረጡት ከፊተኞቹ ደካማ ሆነው ሳይሆን በየኩርባው ይህን ዕዳ ሲከፍሉ ነው።

ወደ ፊት ለመጠጋት ትክክለኛው ቦታ ቀጥ ያለው መንገድ ነው፤ ጊዜውም ግሩፑ ሲቀዘቅዝና ጎን ለጎን ሲሰፋ። ነፋሱ ከግራ ከሆነ በቀኝ በኩል፣ በሰዎቹ ተጠልለው ይለፉ። ኩርባ ውስጥ ገብቶ ሰው ማለፍ ለጀማሪ አይመከርም፤ ያተረፉትን አንድ ቦታ ሌላውን በመጣል ሊያገኙት ይችላሉና።

ተራዎ ደርሶ ፊት ከሆኑ ለ20 ወይም 30 ሰከንድ በእኩል ፍጥነት ይምሩ። ከዚያ ከጎንዎ ሰው አለመኖሩን አይተው፣ በክርንዎ ምልክት ሰጥተው፣ በዝግታ ወደ ጎን ይውጡ። ፍሬን አይያዙ፤ ፔዳሉን አላልተው ይተዉት፣ ሌሎቹ ያልፉዎታል። ለረጅም ጊዜ መምራት ክብር አይጨምርም፤ ሌላውን አሳርፎ እርስዎን ያደክማል።

በመሃል ደወል ከተደወለ ሁልጊዜ የመጨረሻው ዙር ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ለቀጣዩ ዙር ቀዳሚ የሚሰጥ ትንሽ ሽልማት መኖሩን ያሳያል። በመጀመሪያ ውድድርዎ አይሻሙበት። ግን ያስተውሉ፦ ሽልማቱ እንደተወሰደ ግሩፑ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ይቀዘቅዛል፤ ልምድ ያላቸው የሚያፈተልኩት በዚያች ጊዜ ነው። ሲሄዱ ያያሉ፤ በሚቀጥሉት ሳምንታት ይጠቅምዎታል።

ከተቆረጡ ተስፋ አይቁረጡ። ዳኛው እስካላስወጣዎት ድረስ በራስዎ ፍጥነት ይቀጥሉ። ግሩፑ ከኋላ ሲደርስብዎ መንገዱን አንድ ጎን ይያዙና ቀጥ ብለው ይንዱ፤ ለማሳለፍ ብለው ግራ ቀኝ አይበሉ።

9. ኩርባን በሥርዓት ይውሰዱ

ፍጥነትዎን ኩርባው ውስጥ ሳይገቡ፣ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሳለ ይቀንሱ። ጋደል ብሎ የሚሄድ ጎማ መንገዱን የሚይዝበት አቅም ለመዞሩ ያስፈልገዋል፤ በዚያ ላይ ፍሬን ሲጨመርበት ይንሸራተታል። እጆችዎ በመሪው ታችኛ ክፍል ላይ ይሁኑ፤ ፍሬኑ ይቀርባል፣ ክብደትዎም ዝቅ ይላል። የውጭው እግር ወደ ታች፣ የውስጡ ወደ ላይ ሆኖ ክብደትዎን በውጭው ፔዳል ላይ ይጫኑ። በዘንባላ ብስክሌት ላይ የውስጡን ፔዳል የሚረግጥ ሰው ፔዳሉ አስፋልቱን መትቶ ያስፈነጥረዋል። ዓይንዎን ወደሚወጡበት ይላኩ።

በግሩፕ ውስጥ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሕግ አለ፦ በገቡበት መስመር ይውጡ። በውጭ ከገቡ በውጭ፣ በመሃል ከገቡ በመሃል። ብቻዎን ሲሆኑ የሚወስዱት ከውጭ ወደ ውስጥ የሚቆርጥ አጭር መንገድ እዚህ አይሠራም፤ በዚያ መስመር ላይ ሰው አለ።

10. የመጨረሻዎቹ ዙሮች

ዳኛው የቀሩትን ዙሮች በቁጥር ያሳያል፤ የመጨረሻው ዙር ሲገባ ደወል ይደወላል። 5 ዙር ከቀረበት ጊዜ ጀምሮ ሁሉም ወደ ፊት ስለሚጠጋ ግሩፑ ይጠብባል፣ ልብም ይሞቃል። ብዙ ውድቀት የሚደርሰው አሁን ነው።

መጨረሻውን የሚወስነው ከፍጥነት በፊት ቦታ ነው። ኤርትራዊው ብስክሌተኛ ቢንያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ 3 ዕለታዊ ውድድሮችን አሸንፎ የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማልያ ሲወስድ የተመለከተ ሰው ይህን ያስታውሳል፤ የመጨረሻው ፍትለካ ጥቂት ሰከንድ ነው፣ ለዚያ ቦታ የሚደረገው ትግል ግን ብዙ ኪሎ ሜትር ቀድሞ ይጀምራል። የእርስዎም ውድድር እንደዚያው ነው። ደወሉ ሲደወል ከመጀመሪያዎቹ 10 ሰዎች መካከል ካሉ ይሞክሩ፤ ከሌሉ የመጨረሻውን ኩርባ በሰላም አልፈው ይጨርሱ። ከ20ኛ ወደ 15ኛ ለመድረስ ብሎ መጋፋት ለማንም አይጠቅምም።

የሚፈተልኩ ከሆነ እስከ መጨረሻዎቹ 200 ሜትር አካባቢ ከሰው ጀርባ ይቆዩ። እጅ ታች፣ ራስ ቀና፣ መስመር ቀጥ ያለ። አንገትን ደፍቶ መርገጥ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ከፊት የወደቀ ሰው አይታይም። መስመሩን ካለፉ በኋላ እጅዎን አያንሡ፣ ፍሬንም አይያዙ፤ ከኋላዎ በሙሉ ፍጥነት የሚመጡ አሉ። ቀጥ ብለው እየቀነሱ ይሂዱ።

11. ከውድድሩ በኋላ

10 ደቂቃ በቀስታ ይንዱ፣ ውሃ ይጠጡ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ራት ይብሉ። ወድቀው ጭንቅላትዎን ከመቱ፣ ምንም ባይሰማዎትም ወደ ውድድሩ አይመለሱ፤ ብቻዎን መኪና እየነዱም ወደ ቤት አይሂዱ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም መደናገር ካለ ሐኪም ቤት ይሂዱ። የተላጠ ቆዳ ያንኑ ማታ በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ አሸዋ የቀረበት ቁስል ያመረቅዛል። ብስክሌቱም ከወደቀ መሪውና ቸርኬው ሳይመረመር እንደገና አይነዳ።

ማታውኑ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ አብዛኛውን ጊዜ የት ቦታ ላይ ነበሩ? ጉልበትዎ የባከነው የት ነው? የትኛው ኩርባ አስፈራዎት? ከመልሶቹ ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ ግብ ብቻ ይምረጡ። በመጀመሪያው ሳምንት ከግሩፑ ጋር መጨረስ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው በፊተኛው ሲሶ መቆየት፣ በአራተኛው አንድ ጊዜ አፈትልኮ መሞከር ጥሩ አካሄድ ነው። ለአሸናፊነት መታገል ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በወቅቱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ምሽት ደግሞ ሳይወዳደሩ ያገልግሉ። እነዚህ ውድድሮች የሚቆሙት ኩርባ ላይ ባንዲራ ይዘው በሚቆሙ፣ ምዝገባ በሚቀበሉ፣ መንገዱን በሚጠርጉ በጎ ፈቃደኞች ነው። ለአዘጋጁ "የትኛውን ሳምንት ልርዳ?" ብለው ይጠይቁና ቀኑን ዛሬውኑ ያስይዙ። ኩርባ ላይ ሲቆሙ ሌሎች የሚሳሳቱትን ያያሉ፤ የአካባቢው ተወዳዳሪዎችም ያውቁዎታል። በሚቀጥለው ሳምንት ከጎናቸው ሲሰለፉ ቦታ ይሰጡዎታል።